ለቆዳ የተዋጠ ክኒን ጉበትን ሲጎዳ

የእግር ጥፍር ፈንገስ ሰው አይገድልም። ጥፍር ያወፍራል፣ ያጠቁራል፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ ሰው መሃል መቀመጥን ያሳቅቃል። ለአብዛኛው ሰው ጉዳቱ ከዚያ አያልፍም። ይህንኑ ፈንገስ ለማጥፋት የተዋጠ ክኒን ግን ሰው ገድሏል። ክኒኑ ኬቶኮናዞል ይባላል።

ኬቶኮናዞል አዲስ መድኃኒት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በጊዜው ትልቅ እፎይታ ነበር። ለጭርት፣ ለቋቁቻ፣ ለጥፍር፣ ለራስ ቅል ፈንገስ ሁሉ ይታዘዝ ጀመር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ሪፖርት እየተከማቸ መጣ። በጁላይ 2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የባለሙያዎች ኮሚቴ፣ ክኒኑ ለፈንገስ ሕክምና እንዳይውል ፈቃዱ እንዲታገድ መከረ። በዚያው ወር የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ ክኒኑ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አሳሰበ። ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ከባድ የውስጥ ፈንገስ በሽታዎች ብቻ እንዲቀር አደረገ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2016 ኤፍዲኤ እንደገና አስጠነቀቀ። ክኒኑ አሁንም ለቆዳና ለጥፍር እየታዘዘ ነበር። ከ2013ቱ ማስጠንቀቂያ ወዲህ፣ ለጥፍር ፈንገስ ብሎ ወስዶ ጉበቱ ሥራ አቁሞ የሞተ አንድ ሕመምተኛ ተመዝግቧል።

አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ያ ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሄደው ለጥፍሩ ነበር። ክኒን ስንወስድ የክኒኑን አደጋ ከበሽታው ክብደት ጋር ማመዛዘን አለብን። ለካንሰር ወይም ለሳንባ ነቀርሳ ሲሆን ይህን ሚዛን ሐኪሙም ታማሚውም ያስቡታል። ለቆዳ ሲሆን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። የቆዳ መድኃኒት ሲባል ቆዳ ላይ የሚቀር ይመስለናል። የሚዋጥ ከሆነ ግን አይቀርም።

ክኒኑ ቆዳ የሚደርሰው በጉበት በኩል ነው

የተዋጠ ክኒን አንጀት ውስጥ ይሟሟና ወደ ደም ይገባል። ከአንጀት የሚነሳው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የተቀመጠ፣ አዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን አካል ነው። እንደ ኬላ አስቡት። ምግቡም፣ መጠጡም፣ መድኃኒቱም፣ ተጨምቆ የተጠጣው ቅጠልም ሳይፈተሽ አያልፍም። ክርን ላይ የወጣ ጭርትን ለማዳን የተዋጠ ክኒን፣ ክርን ከመድረሱ በፊት ጉበትን ያገኛል። ከዚያም ደም በዞረ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

ጉበት መድኃኒቱን ዝም ብሎ አያሳልፈውም። ኢንዛይም በሚባሉ ፕሮቲኖች ይሰባብረዋል፣ በሽንት ወይም በሐሞት እንዲወጣ ያዘጋጀዋል። ችግሩ የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ መድኃኒት ሲሰበር የሚወጣው ስባሪ ከመድኃኒቱ ከራሱ ይልቅ መርዛማ ይሆናል። አንዳንዱ ስባሪ ደግሞ የጉበት ሴሎች ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ያኔ የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃት ይጀምራል።

ሐኪሞች ጉዳቱን በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ በመጠን የሚመጣ ነው። ከመጠን በላይ የወሰደ ማንም ሰው ይጎዳል፤ ፓራሲታሞል ዋናው ምሳሌ ነው። ሌላው ሰው የሚመርጥ ነው። ሺህ ሰው በሰላም የወሰደውን ክኒን አንዱ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ምንም ሳያጠፋ ወስዶ ይታመማል። ከቆዳ ክኒኖች የሚመጣው ከባድ የጉበት ጉዳት በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። “ጎረቤቴ ወስዳው ምንም አልሆነችም” የሚለው ማስረጃ የማይሠራው ለዚህ ነው። የእሷ መዳን ስለ እሷ ጉበት ይነግረናል። ስለ እናንተ ጉበት የሚለው ነገር የለም።

ኬቶኮናዞል ለምን ባሰ?

ፈንገስ የሴሉን ሽፋን የሚሠራበት አንድ ኢንዛይም አለው። ኬቶኮናዞል ያንን ኢንዛይም ያስራል፤ ሽፋኑ ይበላሽና ፈንገሱ ይሞታል። የዚያ ኢንዛይም ዘመዶች ግን እኛም ውስጥ አሉ። ብዙዎቹ ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩት ናቸው። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎችም ሆርሞን የሚሠሩት በእነዚሁ ወገን ኢንዛይሞች ነው። ኬቶኮናዞል የፈንገሱን ከእኛው በደንብ አይለይም፤ ሁለቱንም ያስራል።

ከዚህ ሌላ ጣጣ ይከተላል። አብሮ የሚወሰድ መድኃኒት ሳይሰበር ደም ውስጥ ይከማቻል። ለምሳሌ ለኮሌስትሮል የሚሰጠው ሲምቫስታቲን ከኬቶኮናዞል ክኒን ጋር አይወሰድም። ከተከማቸ ጡንቻን እስከ ማፍረስ ይደርሳል። ስለዚህ ፋርማሲስቱ “ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ?” ብሎ ሲጠይቅ ነገር ለማብዛት አይደለም።

ክኒኑን ከሚወስዱ መቶ ሰዎች ከ4 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ የጉበት ምርመራ ውጤት ከፍ ይላል። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ውጤቱም ይመለሳል። ግልጽ የጉበት በሽታ የሚይዘው ከ2,000 እስከ 15,000 ተጠቃሚዎች መካከል አንዱን እንደሆነ ይገመታል። በብዛት የሚታየው ክኒኑ ከተጀመረ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከተጎዱት መካከል ቀድሞ ምንም የጉበት ችግር ያልነበረባቸው ነበሩ። በዚህ ምክንያት ኤፍዲኤ ያጸደቀው የመድኃኒቱ መመሪያ፣ ክኒኑን የግድ የሚወስድ ሰው ሕክምናው እስኪያልቅ በየሳምንቱ የጉበት ምርመራ እንዲያደርግ ያዛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለጭርት ብሎ ክኒን ከሚገዛ ሰው መካከል በየሳምንቱ ደሙን የሚያስመረምር ይኖራል ብዬ አላምንም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ፈጽሞ የማይረባ ሆኖ አይደለም። አድሬናል ዕጢን የመግታት ባሕርይው ራሱ ጥቅም አግኝቷል። በ2014 አውሮፓ ውስጥ ኩሺንግ ሲንድረም ለሚባል ከባድ የሆርሞን በሽታ ተፈቅዷል፤ ከጥብቅ የጉበት ክትትል ጋር። ለኩሺንግ ታማሚ አደጋውን መጋፈጥ ያዋጣል። ለጥፍር አያዋጣም።

የሚቀባውስ?

የሚቀባው ሌላ ታሪክ ነው። ከኬቶኮናዞል ክሬምና ሻምፑ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከላይ የተባለው የጉበት ጉዳት አይመለከታቸውም። ለፎሮፎር ሻምፑውን የሚጠቀም ሰው ይህን አንብቦ እንዳይጥለው አደራ።

ሰውነት ላይ የወጣ ጭርት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሚቀባ ብቻ ይድናል። ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ተርቢናፊን ክሬም ይበቃሉ። በሐኪሙ ወይም በፋርማሲስቱ የተነገረውን ያህል ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሳያቋርጡ መቀባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማሳከኩ በሳምንቱ ይተወዋል፤ ሰውየው ክሬሙን ይተዋል፤ ፈንገሱ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ “ክሬም አልሠራልኝም፣ ክኒን ስጡኝ” ይላል። ክሬሙ ግን ሥራውን እንዲጨርስ ዕድል አላገኘም። አንዳንዱ ደግሞ የገዛው ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ነው። ስቴሮይድ መቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ፈንገሱን ግን ያደልበዋል። እንዲህ የሰነበተ ጭርት ክኒን የሚያስፈልገው ግትር በሽታ ይመስላል።

ክኒን በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። የራስ ቅል ፈንገስ አንዱ ነው። በሽታው የፀጉሩ ሥር ድረስ ስለሚገባ ክሬም አይደርስበትም። ለሕፃናት ግሪሴኦፉልቪን ወይም ተርቢናፊን ይሰጣል። ወላጆች፣ ጉበት ይጎዳል ብላችሁ ልጁን ከነበሽታው አታቆዩት። ሳይታከም የሰነበተ የራስ ቅል ፈንገስ ፀጉርን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል፤ ከግሪሴኦፉልቪን የሚመጣ ከባድ የጉበት ጉዳት ደግሞ እምብዛም አያጋጥምም።

የጥፍር ፈንገስም ከገፋ ክኒን ይፈልጋል። ዛሬ በአብዛኛው የሚመረጠው ተርቢናፊን ነው፤ ለአዋቂ በቀን 250 ሚሊግራም፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። ይህም ጉበትን ይጎዳል፤ ግን ከኬቶኮናዞል ጋር አይወዳደርም። ግልጽ ጉዳት የሚታየው ከ50,000 እስከ 120,000 ማዘዣዎች በአንዱ ላይ እንደሆነ ይገመታል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ውስጥ ነው የሚመጣው። አንድ የታወቀ የዘር ምልክት ያላቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚጋለጡም ተደርሶበታል። ከመጀመሩ በፊት አንድ የጉበት ምርመራ ማድረግ ይመከራል። የቆየ የጉበት በሽታ ያለበት ሰው መውሰድ የለበትም።

በሳምንት አንዴ እንጂ በየቀኑ ያልሆነው ክኒን

ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ሜቶትሬክሴትን ያውቁታል። ሶሪያሲስ በሰው አይተላለፍም፤ ቆዳን የሚያቀላና ቅርፊት የሚያወጣ፣ መገጣጠሚያንም የሚያጠቃ የዕድሜ ልክ በሽታ ነው። ሜቶትሬክሴት ለብዙዎች ሕይወት የመለሰ መድኃኒት ነው፤ ዋጋውም ከአዳዲሶቹ መርፌዎች ጋር አይነጻጸርም። በጉበት በኩል ያለው ጠባይ ግን ከኬቶኮናዞል ይለያል። የኬቶኮናዞል ጉዳት ድንገተኛ ነው። የሜቶትሬክሴት ቀስ ብሎ ዓመታት ይፈጃል፤ ጉበት ውስጥ ጠባሳ ያስቀምጣል። ታማሚው ምንም አይሰማውም። አንዳንዴ የተለመደው የደም ምርመራ ራሱ ደህና ሆኖ ጠባሳው ይቀጥላል።

ለዚህ ነው ቀደም ባለው ጊዜ መድኃኒቱን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች በመርፌ ከጉበታቸው ናሙና ይወሰድ የነበረው። ዛሬ ፋይብሮስካን የሚባል፣ ከላይ ሆኖ በንዝረት የጉበትን መጠንከር የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ባለበት ቦታ መርፌውን በብዙ ሰው ላይ ተክቶታል።

ጠባሳው በማን ላይ እንደሚፈጥን በደንብ ይታወቃል። አልኮል የሚጠጣ፣ ከመጠን በላይ የወፈረ፣ ስኳር ያለበት፣ የቫይረስ ሄፓታይተስ ያለበት። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ክኒኑን ሳይጀምሩም ጉበታቸው ላይ ስብ ያለባቸው ናቸው። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው “ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው፣ አረቄ አልነካም” ቢል ጉበቱ አይለይለትም። ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም፣ አረቄም ያው አልኮል ናቸው።

አሁን የምለውን ግን በትልቁ ያዙልኝ። ሜቶትሬክሴት ለቆዳ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች በተለያዩ አገሮች ሞተዋል። በየቀኑ ሲወሰድ የመጀመሪያው ተጎጂ የደም ሴሎችን የሚሠራው መቅኒ ነው፤ አፍ ይቆስላል፣ ሰውነት ኢንፌክሽንን መቋቋም ያቅተዋል። ስህተቱ ቀላል ነው፤ ሌላው ክኒን ሁሉ በየቀኑ ስለሚወሰድ ይህም ይመስላል። ቀኑን ምረጡና ጻፉት። “ሰኞ” ብላችሁ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ መድኃኒት የምትገዙ ከሆነ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። አብሮ የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ ደግሞ አይዘለል፤ ጉዳቱን ይቀንሳል። እርግዝና ላይ ያለች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሜቶትሬክሴትን አትወስድም፤ ጽንሱን ይጎዳል።

ዳፕሶንና የስጋ ደዌ

አዲስ አበባ ያለውን አለርት ሆስፒታል የማያውቅ ጥቂት ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1965 ለስጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። የስጋ ደዌ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የሚድን በሽታ ነው። ከ6 እስከ 12 ወር የሚወሰደው የመድኃኒት ጥምረት በነጻ ይሰጣል። ከጥምረቱ አንዱ ዳፕሶን ነው፤ ሌላው ሪፋምፒሲን። ሁለቱም ጉበትን ሊነኩ ይችላሉ።

ዳፕሶን ከሚወስዱ ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ የሚነሳ ከባድ የአለርጂ ዓይነት አለ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ትኩሳት ይነሳል፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ንፍፊት ያብጣል፣ ጉበት ይቆጣል። ከሚያዙት 10 ሰዎች አንዱ ያህል ሊሞት ይችላል። ቻይና ውስጥ በስጋ ደዌ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የዘር ምልክት ከዚህ አለርጂ ጋር በጥብቅ እንደሚገናኝ አሳይቷል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ታማሚውም ቤተሰቡም አዲሱን ሽፍታ የስጋ ደዌው መባስ አድርገው ይቆጥሩታል። ስለዚህ ክኒኑ ይቀጥላል። በሁለተኛው ወር አካባቢ ትኩሳትና ሽፍታ አብረው ከመጡ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋሙ መመለስ ነው። ዳፕሶን ቢቆምም ሐኪሙ ሌላ መንገድ አለው፤ የስጋ ደዌው ሕክምና አይቋረጥም።

የብጉር መድኃኒቶችን በአጭሩ ላንሳ። አይሶትሬቲኖይን የጉበት ምርመራ ውጤትንና የደም ስብን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ከባድ የጉበት በሽታ ግን እምብዛም አያስከትልም። የእሱ ትልቁ አደጋ ጽንስ ላይ ነው። ለብጉር ለወራትና ለዓመታት የሚወሰደው ሚኖሳይክሊን ደግሞ አልፎ አልፎ ሰውነት የራሱን ጉበት እንዲያጠቃ ያደርጋል።

ጉበቱ ከመጀመሪያው በምን ሁኔታ ላይ ነበር?

ክኒኑ ብቻውን ታሪኩን አይጨርስም። ክኒኑ የገባበት ጉበት ምን ዓይነት እንደነበር መጠየቅ አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከመቶ ሰው 7 ያህሉ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተሸካሚ እንደሆነ ይገመታል። ብዙዎቹ አያውቁትም። ክትባቱ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ዛሬ አዋቂ ከሆነው ሰው አብዛኛው በሕፃንነቱ አላገኘውም። ቫይረሱ ለዓመታት ተኝቶ ሊኖር ይችላል። ሜቶትሬክሴትም ሆነ ለሳምንታት በብዛት የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ቫይረሱ ሊነቃ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ለማሳከክና ለሽፍታ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ አስቡት። በሐኪም ክትትል ሥር ላለ ሰው ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ አንድ የደም ምርመራ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመራችሁ በፊት “የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ላድርግ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ባያነሳው እናንተ አንሱት።

ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ ቀድሞውኑ ሥራ በዝቶበታል። ጫትም ከዚህ ዝርዝር አይወጣም። ሐረር ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ሐኪሙ ፊት ስለ ጫትና ስለ መጠጥ መናገር ለብዙ ሰው ይከብዳል። ግን የሚሰጠው መድኃኒት በዚያ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምልክቱ፣ ማሳከኩና ላቦራቶሪው

ጉበት ሲቆጣ መጀመሪያ የሚሰማው ተራ ነገር ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ክብደት። ቀጥሎ ውሃ በደንብ እየጠጡም ሽንት ቡናማ ይሆናል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቢጫነቱ ቶሎ አይታይም። የዓይንን ነጭ ክፍል በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቆማችሁ እዩት፤ ማታ በአምፖል አይለይም።

አንዱ ምልክት ግን የቆዳ ታማሚን በተለይ ያታልላል። የጉበት ጉዳት ራሱ ያሳክካል። ሐሞት በአግባቡ መውጣት ሲያቅተው ማሳከክ ይመጣል፤ ማታ ማታ ይብሳል፤ መዳፍና የውስጥ እግር ላይ ይጠነክራል። ሰውየው ክኒን የጀመረው ስላሳከከው ነው። አሁን ይበልጥ ሲያሳክከው “በሽታው ባሰ” ብሎ ክኒኑን ይጨምራል። ሽፍታ በሌለበት ቦታ አዲስ ማሳከክ ከመጣ፣ መጠርጠር ያለበት ክኒኑ ነው።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በእኛ ዘንድ የወፍ በሽታ ያዘው ይባላል። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው የባህል ሐኪም ዘንድ ነው። የባህል መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው አልልም። ነገር ግን ክኒን የጎዳው ጉበት ላይ መጠኑ ያልታወቀ ቅጠል መጨመር ሸክሙን እጥፍ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ክኒኑ ሳይቆም ቅጠሉ አብሮ መጠጣቱ ነው። በመድኃኒት ለተጎዳ ጉበት ዋናው ሕክምና መድኃኒቱን ማቆም ነው። ቀን ባለፈ ቁጥር ዕድሉ ይጠባል።

የላቦራቶሪ ወረቀቱን ማንበብ ከባድ አይደለም። ኤስጂፒቲ ወይም ኤኤልቲ የሚለውን ፈልጉ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች እስከ 40 አካባቢ ያለውን ደህና ይሉታል። ትንሽ ከፍ ማለቱ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ሐኪሙ ደግሞ ለክቶ ይከታተለዋል። ከደህናው ጣሪያ 3 እጥፍ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዚያው ጋር ቢሊሩቢን የሚለው፣ ማለትም ሲከማች ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው፣ ከጣሪያው ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነ አስቸኳይ ነው። ሃይማን ዚመርማን የተባሉት አሜሪካዊ የጉበት ሐኪም ያስተዋሉት ይህንን ነው። የጉበት ሴሎቹ በመድኃኒት ተጎድተው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ታማሚ መካከል ከ10 አንዱ ያህል ሊሞት ይችላል። ይህን የመሰለ ወረቀት ይዞ ቀጠሮ እስኪደርስ ቤት መቀመጥ አይገባም፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ ነው።

ፋርማሲ ስትሄዱ የክኒኑን ትክክለኛ ስም ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የድርጅቱ የንግድ ስም ሊሆን ይችላል፤ የመድኃኒቱ ስም ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ክኒን ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አንድ መድኃኒት በየአገሩ ሌላ ስም ስለሚይዝ ሁለት ካርቶን ይዛችሁ አንዱን ክኒን በእጥፍ ልትወስዱ ትችላላችሁ። “የሚቀባ አይበቃኝም ወይ?” ብላችሁም ጠይቁ። ክኒን የግድ ነው ከተባለ፣ መቼ ደም እንደምትሰጡ ቀኑን ሳትቀበሉ አትውጡ።

ጉበት ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት ራሱን የመጠገን ትልቅ ችሎታ አለው። ክኒኑ ከቆመ በኋላ የምርመራው ውጤት በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይም ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ወደ ደህናው ይመለሳል። በዚያ ጊዜ አልኮል አይነካም፣ ፓራሲታሞልም ሳይጠየቅ አይወሰድም። ያንን ክኒን ዳግመኛ መሞከር ግን አይገባም። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ፈጥኖና ጠንክሮ ሊመጣ ይችላል። የክኒኑን ስም በሕክምና ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ፤ ስልካችሁም ላይ ይኑር፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይወቀው። ጉዳቱን ያየው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ደግሞ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት እንዲያደርግ ጠይቁት። ኬቶኮናዞል ከጥፍርና ከጭርት ሕክምና የወጣው እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች አንድ በአንድ ተሰብስበው ነው።